ከመድኃኒት መስኮት ወደ ታካሚው አልጋ

ፋርማሲስት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ማዘዣ ተቀብሎ ክኒን ቆጥሮ የሚያስረክበውን ባለሙያ ነው። ከሐኪሞች ጋር ዋርድ ገብተው የእያንዳንዱን ታካሚ መድኃኒት የሚመረምሩ ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ግን በአገራችን ሆስፒታሎች መሥራት ከጀመሩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ምን ይሠራሉ? ለምን ያስፈልጋሉ? የሚገባቸውን ቦታስ አግኝተዋል?

በፌስታል የመጣ ታሪክ

ከጀሞ ተነሥቶ በለቡ በኩል ወደ ሃይሌ ጋርመንት የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙ አረንጓዴ መስቀል ያያል። በየኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ከሸቀጣ ሸቀጡና ከፀጉር ቤቱ ጎን፣ መድኃኒት ቤት አይጠፋም። ጎፋ፣ መካኒሳና ሳር ቤትም እንዲሁ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ቤተሰብ መድኃኒቱን ከአንድ ቦታ ብቻ አያገኝም። የደም ግፊቱን ከጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ እዚያ ሲጠፋ ከነማ መድኃኒት ቤት ይሰለፋል፤ ሲቸኩል ሰፈሩ ካለው የግል መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ሌሊት ሕመም ሲጠና ከጎረቤት ይለምናል። ነገሩ ጠንቶ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ወደ አለርት ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሄድ ግድ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ መድኃኒት በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ከታካሚው ጋር ይጓዛል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ፣ ሐኪሞች በየአልጋው የሚዞሩበት ራውንድ ሊጀመር ነው። አስታማሚዎች የቁርስ ዕቃቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ የሌሊት ተረኛ ነርሶች ሥራቸውን ለቀን ተረኞች ያስረክባሉ። አንዲት ወጣት ክሊኒካል ፋርማሲስት ከሐኪሞቹ ቀድማ ገብታ፣ ማታ በልብ ድካም የተኙ እናት አልጋ አጠገብ ቆማለች።

«እማማ፣ እቤት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ። ከጎረቤት የተሰጠዎትንም፣ የባህሉንም።»

«እሷን ጠይቂያት ልጄ፤ እኔ የሰጠችኝን ነው የምውጠው።»

ልጃቸው ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ፉሮሰማይድ አለ። ከግል ክሊኒክ የታዘዘ ላሲክስ አለ። ኢናላፕሪል አለ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ጎረቤት የሰጠቻቸው ዲክሎፌናክ አለ። በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለሉ፣ ስም የሌላቸው ነጫጭ ክኒኖችም አሉ።

ፉሮሰማይድና ላሲክስ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ሁለተኛው የንግድ ስሙ ነው። ልጅየዋ ማሸጊያቸው ስለሚለያይ ሁለት መድኃኒት መስሏት፣ አንድም ቀን ሳታጓድል ሁለቱንም ስትሰጥ ቆይታለች። ዲክሎፌናክ ደግሞ ከኢናላፕሪልና ውኃ ከሚያስወጣ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ኩላሊትን በአጭር ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። ልብ ድካም ባለበት ሰው ላይ ብቻውንም ቢሆን ሰውነት ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል። ማታ የተላከው የላብራቶሪ ውጤት ሲመጣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሐኪሞቹ አልጋው ዘንድ ሲደርሱ ፋርማሲስቷ ያየችውን ነገረቻቸው። ተመካክረው ዲክሎፌናኩ እንዲቀር፣ ኢናላፕሪሉ ኩላሊታቸው እስኪያገግም እንዲቆይ፣ የፉሮሰማይዱ መጠን እንደ አዲስ እንዲወሰን፣ ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል እንዲሰጣቸው ወሰኑ። ስም የለሾቹ ክኒኖች ተለይተው ተቀመጡ። ንግግሩ የወሰደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ማታ የተቀበሏቸው ተረኛ ሐኪም ግን በድንገተኛ ክፍል ወረፋ ተወጥረው ስለነበር፣ ያንን ፌስታል ፈትተው አንድ በአንድ ለማየት ፋታ አልነበራቸውም።

በዋርድ ለሚሠሩ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ፌስታል ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ፈትቶ የሚያየው ሰው ነው።

> የታዘዘው መድኃኒት ልክ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ለዚህ ሰው፣ በዛሬው ሁኔታው፣ ከሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ልክ ነው ወይ የሚለው ነው።

ከማዘዣው እስከ ደም ሥር

አንድ መድኃኒት ታካሚው ሰውነት እስኪገባ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። ሐኪሙ ያዝዛል፤ ትእዛዙ ወደ መድኃኒት መስጫ ቅጽ ይገለበጣል፤ ፋርማሲው ያወጣል፤ ነርሷ በጥብጣ ትሰጣለች፤ ከዚያ ውጤቱ ይታያል። ስሕተት በእያንዳንዱ እርከን ሊገባ ይችላል። የሚገባውም ብዙ ጊዜ በስንፍና ሳይሆን በድካም፣ በጥድፊያና በመመሳሰል ነው።

ኢንሱሊንን እንውሰድ። መጠኑ ሲጻፍ ከቁጥሩ ጎን «ዩኒት»ን ለማሳጠር የሚቀመጠው የላቲን ፊደል በእጅ ጽሑፍ ዜሮ ይመስላል። 10 ዩኒት 100 ተብሎ ከተነበበ የታካሚው ስኳር ወርዶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ፖታሲየም ክሎራይድ በሌላ ፈሳሽ በደንብ ሳይቀጠን ደም ሥር ውስጥ ከተገፋ ልብን ያቆማል፤ ጠርሙሱ ግን ተራ ውኃ ከያዘ ጠርሙስ ጋር ሊምታታ ይችላል። ጄንታማይሲንና ቫንኮማይሲን በኩላሊት የሚወጡ መድኃኒቶች ስለሆኑ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው እንደ ጤነኛው ከተሰጡ ተጠራቅመው ኩላሊቱን ይብስ ይጎዳሉ። ጄንታማይሲን ጆሮንም ሊያደነቁር ይችላል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ታካሚ ሪፋምፒሲን ሲጀምር፣ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው ዶሉቴግራቪር ሁለት ጊዜ ይሆናል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴትም ክኒኑ እንደማያስተማምናት ሊነገራት ይገባል። ይህን ሳታውቅ ብታረግዝ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

የክሊኒካል ፋርማሲስት ሥራ እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ማየት ነው። ታካሚው ሲገባ እቤት የሚወስደውን ከታዘዘለት ጋር ያስተያያል፤ መጠኑን ከክብደቱ፣ ከዕድሜው፣ ከኩላሊቱና ከጉበቱ ጋር ያመዛዝናል፤ እርስ በርስ የማይስማሙትን ይለያል፤ መርፌው በምን ፈሳሽ እንደሚበጠበጥና በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ለነርሶች ያስረዳል፤ ታካሚው ሲወጣ የትኛውን እንደሚቀጥልና የትኛውን እንደሚተው ይነግረዋል። በሽታውን የሚለየውና የሕክምናውን አቅጣጫ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ፋርማሲስቱ ለዚያ ውሳኔ ሁለተኛ ዓይን ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳት የሌለው የመድኃኒት አጠቃቀምን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር ሦስት ነገሮችን አስቀድሟል፦ ከፍተኛ አደጋ ያለባቸውን ሁኔታዎች፣ ብዙ መድኃኒት በአንድ ላይ መውሰድን፣ ታካሚ ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን ጊዜ። መድኃኒታቸው በፌስታል የመጣው እናት ሦስቱም አንድ ላይ ገጥሟቸዋል።

ሙያው ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የፋርማሲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለረጅም ዓመታት ትምህርቱ ያተኮረው መድኃኒቱ ላይ ነበር፦ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚቀመም፣ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚከፋፈል። አገሪቱ መድኃኒት አቅራቢና ተቆጣጣሪ በሚያስፈልጋት ዘመን ያ ትክክለኛ ምርጫ ነበር።

በሌላው ዓለም ለውጡ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች ከምድር ቤት መጋዘን ወጥተው 9ኛ ፎቅ ላይ፣ ታካሚዎቹ ባሉበት፣ ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ፋርማሲስት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ራውንድ ላይ ሲሳተፍ በመድኃኒት አስተዛዘዝ ምክንያት የሚደርሰው፣ መከላከል የሚቻል ጉዳት በሁለት ሦስተኛ መቀነሱን አሳየ።

እኛም ዘንድ ለውጡ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ታካሚውን ማዕከል አድርጎ ተከለሰ፤ ትምህርቱ 5 ዓመት ሆነ፤ ተማሪዎች ዋርድ ገብተው ከሐኪሞች ጎን መሠልጠን ጀመሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ፋርማሲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ሆነ። በአዲሱ ሥርዓት የተማሩት እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ ተመርቀው ወደ ሆስፒታሎች ገቡ። የጤና ሚኒስቴር የሆስፒታል መመሪያዎችም አገልግሎቱን ከፋርማሲ ሥራዎች አንዱ አድርገው አካተቱት።

ባለሙያው ተፈጠረ፤ መመሪያው ተጻፈ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ በየዋርዱ በየዕለቱ መገኘት ነበር።

ጥቁር አንበሳ የሰጠው ትምህርት

ክሊኒካል ፋርማሲስት በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱን ከአገር ውጭ መፈለግ አያስፈልገውም።

በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች የመሩት የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ክትትል ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ፋርማሲስቶቹ ለተኝቶ ታካሚዎች የታዘዙትን አንቲባዮቲኮች እየገመገሙ፣ የትኛው እንዲቆም፣ የትኛው እንዲቀየር፣ የትኛው መጠኑ እንዲስተካከል ለሐኪሞቹ ምክር ይሰጡ ነበር። ከታዘዙት ግማሽ ያህሉ አስፈላጊ እንዳልነበሩ ታየ። ሐኪሞቹም ምክሩን በአብዛኛው ተቀበሉ።

የጥናቱ ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን ክትትሉ ሲቆም ነው። የአንቲባዮቲክ አጠቃቀሙ ወዲያው ጨመረ፤ ታካሚዎች በሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፤ የሞት መጠኑም ከፍ አለ። አንድ ጥናት ሁሉን ነገር አይወስንም፤ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የታየውም በሁሉም ቦታ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ማንም የጤና አስተዳዳሪ ሊያልፈው የማይገባ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐኪሞቹ አልተለወጡም፤ መድኃኒቶቹም አልተለወጡም። የጎደለው በየዕለቱ «ይህ አንቲባዮቲክ እስካሁን ያስፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነበር።

> የመድኃኒት ደኅንነት አንዴ ተሠርቶ የሚተው ፕሮጀክት አይደለም። ጠያቂው ሲሄድ ጉዳቱ ይመለሳል።

ይህ በተለይ አንቲባዮቲክ ላይ የሚያሳስብ ነው። ሴፍትሪያክሶን በሆስፒታሎቻችን እጅግ አብዝተው ከሚታዘዙ መርፌዎች አንዱ ሆኗል። ከሆስፒታል ውጭም አሞክሲሲሊን ያለ ማዘዣ መግዛት የለመደ ብዙ ነው። ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ሲለምዱት ነገ በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሕፃን የሚሠራ መድኃኒት ይጠፋል።

የእኛው ቤት ጥያቄዎች

የውጭ አገር መጽሐፍ የማይመልሳቸው፣ እዚሁ ያለ ፋርማሲስት ብቻ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችም አሉ።

በልጅነት ተገቢውን ሕክምና ያላገኘ የጉሮሮ ቁስለት፣ ሰው «ቶንሲል ልብ ላይ ወጣ» የሚለው፣ የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ የተነሣ ብዙ ወጣቶች ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ዋርፋሪን መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ያደማል፤ ትንሽ ሲጎድል ደም ይረጋና ስትሮክ ያመጣል። ቫይታሚን ኬ በብዛት ያለው ጎመን ደግሞ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። በፍስክ ወራት ጎመን እምብዛም የማይበላ ሰው፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ 55 ቀን ጎመን በየማዕዱ ሲቀርብለት ደሙ ሊወፍር ይችላል። መፍትሔው ጎመን መከልከል ወይም ጾም ማስፈታት አይደለም። የሚበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዲመሳሰል መምከርና የደም ምርመራውን ጾም ሲገባና ሲወጣ ማድረግ ነው። በዚህ ላይ ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ለሌላ ሕመም ከተጨመረ ደሙ በተቃራኒው ከልክ በላይ ይቀጥናል።

ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ታካሚ ሳይበላ ሲውል ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። በረመዳንም በዐቢይ ጾምም መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓትና መጠን አስቀድሞ ከባለሙያ ጋር መስተካከል አለበት። ታካሚው ካልተጠየቀ ግን «እጾማለሁ» ብሎ ለሐኪም አይናገርም፤ የሚቆጡት ይመስለዋል። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ከሰፈር ባለሙያ የመጣውን ቅጠልም እንዲሁ ይደብቃል። በዋርድ የሚሠሩ ፋርማሲስቶች እንደሚሉት እውነቱ የሚወጣው ሳይቆጡ፣ ቁጭ ብለው ሲጠይቁ ነው።

ሰዓትና ዘመን አቆጣጠርም ጣጣ አላቸው። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለ መድኃኒት ቁርስ፣ ምሳና እራት ላይ ከተወሰደ ሌሊቱን ሙሉ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ፋርማሲስት በማሸጊያው ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። የመድኃኒት ማብቂያ ዘመን የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ለሚያነበው ሰው፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ገና ዓመታት የቀሩት ይመስላል።

አስታማሚንም መርሳት አይገባም። ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያጣ ማዘዣው ለአስታማሚው ይሰጥና «ውጭ ፈልጉ» ይባላል። ልጅ ወይም ወንድም ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲዞር ይውላል፤ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። የተገዛው በሌላ ስም፣ በሌላ ጥንካሬ ወይም በሌላ አዘገጃጀት ሊሆን ይችላል። ያ ፓኬት ወደ ታካሚው ከመድረሱ በፊት የሚያረጋግጠው ባለሙያ ያስፈልጋል። ፋርማሲስቱ ገበያው ላይ የሌለውን መድኃኒት አስቀድሞ አውቆ የሚተካውን ለሐኪሙ ቢጠቁም ደግሞ ቤተሰቡ ከመንከራተትና ከወጪ ይድናል።

ምን ይዟቸዋል?

ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ራሳቸው የሚያነሡት የመጀመሪያ ችግር የሰው እጥረት ነው። መድኃኒት መስጫው ላይ ሰልፍ ሲረዝም ወይም የመጋዘን ቆጠራ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠሩት ከዋርድ ነው። አለቆች ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም፤ የመስኮቱ ሰልፍ ይታያል፤ ዋርድ ውስጥ ሳይደርስ የቀረ ጉዳት ግን አይታይም። በዚህ ምክንያት በየዕለቱ መሠራት ያለበት ሥራ ቀን ሲመች ብቻ የሚሠራ ይሆናል። ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ደግሞ ታካሚዎች በብዛት እየገቡ ፋርማሲስቱ ዋርድ ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው የተቀባይነት ጉዳይ ነው። አንዳንድ ነባር ሐኪሞች ትእዛዛቸው ሲጠየቅ ሥልጣናቸው የተነካ ይመስላቸው እንደነበር ወጣት ፋርማሲስቶች ይናገራሉ። ከፋርማሲስት ጋር ራውንድ እየወጡ የተማሩ ወጣት ሐኪሞች በአንጻሩ ስለ መጠንና ስለ መድኃኒት መስማማት የሚጠይቁት ሰው ሲያጡ ይቸገራሉ። ነርሶችም መርፌ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያማክሩት ሰው አጠገባቸው ሲኖር ሥራቸው እንደሚቀል ይናገራሉ። ከሐኪሞች ወገን የሚነሣ ተገቢ ትችትም አለ። ምክር ሲሰጥ ከመጽሐፍ የተገኘ ረጅም ዝርዝር ሳይሆን ለታካሚው የሚበጀው አንድ ነገር ተለይቶ፣ ከአማራጩ ጋር መቅረብ አለበት ይላሉ። ፋርማሲስቱ በየጊዜው ራሱን ማስተማር የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያ ነገር ነው። በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን የሚለካ ላብራቶሪ በብዙ ሆስፒታሎች የለም። ታካሚው ወደ ሌላ ተቋም ሲላክ የመድኃኒት ታሪኩ አብሮት የሚሄድበት አስተማማኝ መንገድም ገና አልተዘረጋም። ያ እስኪሆን ድረስ ታሪኩን የሚሸከመው ፌስታሉ ነው።

ቋሚ ቦታ ይሰጣቸው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ክሊኒካል ፋርማሲስት ሰው ሲተርፍ ወደ ዋርድ የሚላክ ተጨማሪ እጅ መሆን የለበትም። ሆስፒታል ለዋርድ ነርስ እንደሚመድበው ሁሉ ፋርማሲስትም በስም መመደብ፣ መስኮቱ ሲጨናነቅም ከዚያ አለማንሣት ይኖርበታል። ሁሉንም ዋርድ መሸፈን ካልተቻለ አደጋው በሚከፋበት መጀመር ይቻላል፦ ጽኑ ሕሙማን፣ ጨቅላ ሕፃናት፣ ካንሰር፣ ኩላሊትና ልብ። ለሌሊትና ለበዓላት ቢያንስ በስልክ የሚገኝ ተረኛ መኖር አለበት። ፋርማሲስቶቹ የሰጡት ምክርና ያስቀሩት ስሕተት ተመዝግቦ ለሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ይቅረብ፤ ያልታየ ሥራ በጀት አያገኝምና። ስሕተት የዘገበ ባለሙያም እንዳይቀጣ ዋስትና ያስፈልገዋል፤ ፍርሃት ባለበት ቤት ስሕተት ይደበቃል እንጂ አይታረምም።

ታካሚና አስታማሚም የምናደርገው አለን። ሆስፒታል ስንሄድ እቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉን ጨምሮ፣ ይዘን እንሂድ። መድኃኒት ሲሰጠን ይህ ለምንድን ነው፣ በስንት ሰዓት ልውሰድ፣ ለስንት ቀን፣ ከምወስደው ሌላ ጋር ይስማማል ወይ፣ ምን ምልክት ሳይ ልመለስ ብለን እንጠይቅ። ከመድኃኒት በኋላ ያልተለመደ ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። መድኃኒት ያስከተለውን ጉዳት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

አገሪቱ እነዚህን ባለሙያዎች በየዩኒቨርሲቲው 5 ዓመት አስተምራለች። ወጪው ወጥቷል፤ ዕውቀቱ አለ፤ ጥቁር አንበሳም ሥራው ሲኖርና ሲቋረጥ የሚሆነውን አሳይቷል። አሁን የሚጠበቀው የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም ነገ ጠዋት ራውንድ ሲጀመር ፋርማሲስቱ ከየትኛው ዋርድ እንደሚገኝ በመጻፍ ይጀምራል።